ሁለት የግራ ተረከዝ

ብረት ስለሚለቅም ሰፈሩ «ማግኔቱ» ያለው ሰውዬ በጉልበቱ ተንበርክኮ አፈሩን በጣቱ ይጭራል። ቤታቸው ልቅሶ ነው። ግቢው ውስጥ ወንበር ተደርድሯል፤ ሰው እየገባ «እግዜር ያጥናችሁ» ይላል፤ ሐዘንተኛው ወንድም ግን የሰው ማሳ ጥግ ላይ፣ የብረት መፈለጊያ ማሽኑን ማዳመጫ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከጭቃ ጋር ይታገላል። ሰው ምን ይለኛል የሚል ዓይነት አይደለም። ቢሆንማ ይህን ሁሉ ዘመን ዝገት ሲለቅም ባልኖረ።

የብረት መፈለጊያው ማሽን የሰጠው ድምፅ ደህና ድምፅ ነበር፤ አጭር፣ ድፍን፣ በሄደበትም በተመለሰበትም እኩል የሚጮኽ። ጣሳ እንዲህ አይጮኽም፤ ጣሳ ይንጫጫል። ስንዝር ያህል ቆፈረ። ዶማ አላነሳም። በዚህ ማሳ ዶማ የሚያነሳ ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ እብድ ነው፤ ጦርነቱ ያለቀው ድሮ ቢሆንም ያልፈነዳ ነገር እዚያው አፈር ውስጥ ተኝቷል። የባለእርሻው አጎት ሁለት ጣቶቹን እዚሁ ትቷል።

የአውራ ጣቱ ጫፍ ብረቱን ነካ። ጠርዙን ተከትሎ ዳሰሰው። የመድፍ ፍንጣሪ ቢሆን ጠርዙ የተቀደደ ነው፤ ይቧጥጣል። የማረሻ ስባሪ ቢሆን ወፍራም ነው፤ ጫፉ ይሾላል። ይሄ ግን ቀጭን ነው፤ ጥምዝ ነው፤ እንደ ትንሽ የፈረስ ኮቴ ሁለት ክንድ አለው። 

«ጥንዱ ነው!» አለ ጮክ ብሎ። «ጋሼ፣ ጥንዱን አገኘሁት!»

ጋሼ የሚለው ታላቅ ወንድሙን ነው። ጫማ ሰፊ ነበር። ለጦርነቱ ሲጠሩት መዶሻውንና ወስፌውን በጨርቅ ጠቅልሎ ወጣ፤ ክፍሉ እዚህ ሜዳ ላይ ተዋጋ፤ ከዚያ ወዲህ ሞተ ያለ የለ፣ አለ ያለ የለ።

የጋሼ ሥራ በተረከዙ ይታወቃል። ከፋብሪካ የሚመጣ የተረከዝ ብረት ሦስት ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው፤ ጋሼ ግን ከወፍራም ላሜራ ራሱ ቆርጦ አምስት ይበሳለታል፤ በውጭ በኩል ሦስት፣ በውስጥ በኩል ሁለት። «ሰው ተረከዙን የሚጨርሰው በውጭ በኩል ነው፤ በዚያ በኩል አንድ ምስማር ይመረቅለት» ይል ነበር። ማግኔቱ ያኔ ልጅ ነው፤ ከጎኑ ቁጭ ብሎ ቀዳዳውን ይበሳለታል።

አሁን በምራቁ አራሰና በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። አምስት ናቸው። ቀዳዳው የሰፋበት ገጽ መሬት የሚረግጠው ነው፤ የምስማሩ ራስ እንዲሰምጥ ተብሎ ነው የሚሰፋው። ያንን ገጽ ወደ ታች፣ ክንዶቹን ወደ ፊት አደረገና ሦስቱ ቀዳዳ በየት በኩል እንደዋለ አየ።

በግራ ነው። የግራ እግር ነው ማለት ነው። ገለበጠው፣ መለሰው፣ ደግሞ አየ። በግራ ነው። ባለፈው ሳምንት ከዚሁ ጥግ ያወጣው፣ አሁን ቤት እናቱ እጅ ላይ ያለው፣ እሱም የግራ ነው። አንድ ሰው ሁለት ግራ እግር የለውም።

«ወይኔ!» አለ ማግኔቱ። «ምን አደረግሁ?»

የመጀመሪያውን ያገኘ ቀን ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፎ አሳደረው፤ ከዚያ በሽቦ ብሩሽ ቀስ እያለ ፈተገው። አምስቱ ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ብቅ አሉ። እየሮጠ ለእናቱ ወሰደላት። እናቱ ስለ ሞት የሚያነሳባትን ሰው ሁሉ ስታባርር የኖረች ሴት ናት። «ሬሳ ያላሳየኝ ሰው አልቅሺ ብሎ አያዘኝም» ነው መልሷ። ያን ቀን ግን ብረቱን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ወሰደችው፤ አገላበጠችው።

«እርግጠኛ ነህ?» አለችው።

«እማዬ፣ እጁን አላውቅም? የጋሼ እጅ ነው!»

ብረቱን እንደያዘች ቁጭ አለች። ሻይዋ በረደ። ኋላ፣ «እንግዲያው እርሜን ላውጣ። ለዘመድ ንገሩ» አለች። እሷ ይህን ስትል ከማግኔቱ ትከሻ ላይ ሸክም ወረደ። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጥንዱን አግኝቶ ሁለቱን አንድ ላይ መቅበር። ለዚያ ነው ልቅሶውን ጥሎ በጠዋት የወጣው።

አሁን ጭቃው ላይ ተቀምጦ ራሱን ረገመ። የጋሼን እጅ አየና የጋሼ እግር ነው ብሎ መሰከረ! መዶሻውን ይዞ የዘመተ ጫማ ሰፊ ምን ሲሠራ ይውላል? የባልንጀሮቹን ተረከዝ ሲመታ ነዋ። ለዚህ ደግሞ ከማንም በላይ እሱ መንቃት ነበረበት። ሥራው ብየዳ ነው። ከሰፈሩ የግቢ በር ግማሹን የሠራው እሱ ነው፤ አንድ ሞኝ መጥቶ በሩን በእጁ ሥራ ቢለይና «ይሄ ሁሉ ቤት የማግኔቱ ነው» ቢል ይስቅበት ነበር።

ብረቱን ኪሱ ከትቶ ማሽኑን ተሸክሞ ወደ ቤት ገባ።

ከበሩ አጠገብ ወንበር ይዞ የተቀመጠው ጎረቤታቸው ጡረተኛው ሹፌር ነበር። «ማግኔቱ መጣ፣ ቁልፋችሁን ያዙ!» አለ እንደ ልማዱ፤ ወዲያው ልቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ብሎት አፉን በመዳፉ ያዘ። «ይቅር በለኝ ወንድሜ፣ አፌ ለምዶብኝ ነው።»

«ምንም አይደል» አለ ማግኔቱና አለፈው።

ታላቅ እህቱ የሻይ ትሪ እንደያዘች መንገድ ላይ ጠበቀችው። ልቅሶውን ደፋ ቀና ብላ የያዘችው እሷ ናት፤ ዓይኗ ቀልቷል። በጥርሷ መሀል ነው የተናገረችው።

«የት ነበርክ? ሰው ሁሉ ወንድምየው የት ሄደ ይላል። ምን ብዬ ልመልስ? ጭቃ ሊያቦካ ሄዷል ልበል?»

«እትዬ፣ ትሪውን አስቀምጪና ወደ ሥራ ቤቴ ነይ።»

«አሁን?»

«አሁን።»

ሥራ ቤቱ ግቢው ጥግ ላይ ያለ የቆርቆሮ ክፍል ነው። በአንድ በኩል የብየዳው ማሽንና ያላለቀ የመስኮት ፍርግርግ አለ፤ በሌላው በኩል መደርደሪያው እስከ ጣሪያ ድረስ በቀለም ጣሳ ተሞልቷል። በየጣሳው ብረት አለ። ፍንጣሪው ለብቻ፣ የጋሪው ለብቻ፣ የፈረስ ኮቴው ለብቻ፣ ምንነቱ ያልታወቀው ለብቻ። አንድ ጊዜ ምንነቱ ያልታወቀው ጣሳ ውስጥ ያስቀመጠው ነገር የመድፍ ጥይት ማፈንጃ ሆኖ ተገኘ፤ ያውም ያልፈነዳ። ወታደሮች መጥተው፣ ጎረቤቱን ሁሉ ከቤት አስወጥተው፣ እንደ አራስ ልጅ ታቅፈው ወሰዱት። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቱ እዚህ ክፍል ደጃፍ ደርሳ አታውቅም።

እህቱ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። ማግኔቱ ብረቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ነገራት። ሲነግራት ሁለት ጊዜ አቋረጠችው።

«ታዲያ የሱ ካልሆነ የማን ነው?» አለች።

«አላውቅም። የሆነ ሰው ነው። የሆኑ ሁለት ሰዎች ናቸው።»

«ለእማዬ ልትነግራት ነው?»

«ታዲያስ ምን ላድርግ?»

«ዝም በላ! ዝም አይነቅዝም።»

«እትዬ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ዛሬ ብደብቃት ነገ —»

«ይጥራ! እሷ ካለፈች በኋላ ይጥራ!» ድምፅዋ ከፍ ሲል ራሷ ደነገጠችና ወደ በሩ አየች። «ስማኝ ወንድምዓለም። እማዬ ሌሊቱን እንዴት እንደምታድር አንተ አታይም፤ የማያት እኔ ነኝ። ውሻ በጮኸ ቁጥር ብድግ ትላለች። በር ላይ ኮሽ ሲል ስሙን ትጠራለች። ልቅሶ ከተቀመጥን ወዲህ ግን ተኝታ አደረች። አንዴም አልነቃችም። ይህን ልትወስድባት ነው?»

ማግኔቱ ብረቱን አንስቶ አገላበጠው። ሲናገር ከእሷ ጋር ሳይሆን ከራሱ ጋር ነበር።

«ገና አላገኘሁትም ማለት ነው። የጋሼ እዚያው ነው ያለው። እዚያችው ጥግ ላይ።»

እህቱ ክንዱን ያዘችው።

«ልትመለስ ነው? አንተ ሰው፣ አይበቃህም? ሚስትህ ጥላህ የሄደችው በምን ሆነና? "ወይ እኔን ወይ ዝገትህን" ስትልህ ቀልድ መስሎህ ቁጭ አልክ! አንድ ቀን አንተንም በጣሳ ለቅመን እንድናመጣህ ነው የምትፈልገው?»

ይህን ብላ ፊቷን በቀሚሷ እጅጌ ጠረገች፤ ወጣች። ማግኔቱ ዝም ማለት ይችል ነበር። ብረቱን ከሌሎቹ ጋር ጣሳ ውስጥ ቢጥለው የሚያውቅበት አልነበረም። ግን እናቱ የሌላ ሰው ልጅ የተረከዝ ብረት በመሐረብ ጠቅልላ ይዛ ልጄ ልጄ ስትል እያየ እንዴት ከጎኗ ይቀመጣል? ብረቱን ኪሱ ከትቶ ወደ ቤት ገባ።

እናቱ ከእንግዶቹ ተለይታ መኝታ ክፍሏ ገብታ ነበር፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን ታሻለች። መሐረቡ ከጎኗ ነው።

«በሩን ዝጋው» አለችው ገና ሲገባ። «እጅህ አፈር ነው። ማሳ ሄድክ።»

«ሄድኩ እማዬ።»

«በልቅሶዬ ቀን።»

«ጥንዱን ላመጣልሽ ብዬ ነው።» መሬት ላይ ቁጢጥ አለና ብረቱን ከኪሱ አወጣው። ቃላቱን በልቡ ደርድሮ ነበር የመጣው፤ ሁሉም ጠፉበት። «ይሄም የግራ ነው እማዬ። ሁለቱም የግራ ናቸው። የጋሼ ነው ያልኩሽ ተሳስቼ ነው። የሠራው እሱ ነው፤ ጫማው የማን እንደነበር ግን አላውቅም። በሰው ብረት አስለቀስኩሽ። ይቅር በይኝ።»

ትጮኻለች ብሎ ጠበቀ። እናቱ እጇን ዘረጋች።

«ወዲህ በለው።»

ሰጣት። ወደ መስኮቱ ዞር ብላ ብርሃን ላይ ያዘችው፤ የብረቱን ዳር ዳሩን በአውራ ጣቷ ቀስ ብላ አስኬደች። ከዚያ መሐረቡን ፈትታ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው።

«አዎ» አለች። «ይሄም የወንድምህ አይደለም።»

«"ይሄም" ስትዪ ምን ማለትሽ ነው?»

«ወንድምህ ልጅ ሆኖ ወድቆ ግራ ቁርጭምጭሚቱ ተጣሞ የዳነ ነው። ሲረግጥ ወደ ውስጥ ያጋድላል። ሰው ሁሉ ጫማውን በውጭ በኩል ሲጨርስ እሱ የግራውን በውስጥ በኩል ነበር የሚጨርሰው። ስንቱን ጫማ ገዝቼለታለሁ፤ እኔን ነው የምትጠይቀው? አንተ ቀዳዳ ስትቆጥር ያለቀበትን አላየህም። እያቸው እስቲ። ሁለቱም በውጭ በኩል ነው የሳሱት።»

ማግኔቱ አየ። ዝገት ቢበላቸውም ልክ ነበረች፤ የውጩ ክንድ ከውስጡ ይልቅ ሳስቷል። የጋሼ አረማመድ ፊቱ ድቅን አለ፤ አንዱ እግር ጠንከር፣ አንዱ እግር ገባ የሚል አረማመድ። እንዴት ይህን ረሳ? 

«የመጀመሪያውን ያመጣሁልሽ ቀን ይህን አይተሽ ነበር?»

«አይቻለሁ።»

«እያወቅሽ ነው ልቅሶ የጠራሽው?»

«እያወቅሁ ነው።»

«ለምን?» ድምፁ አምልጦት ጮኸ። «ይህን ሁሉ ሰው ሰብስበሽ! እትዬን እንዲያ አስለቅሰሽ! ለምን እማዬ?»

«ለአንተ ነዋ!» አለች እሷም ጮክ ብላ። ከዚያ ትንፋሿን ሰበሰበች። «እኔ ልጄን አልቅሼዋለሁ። ልብስ ሳጥብ አልቅሻለሁ፣ ሽንኩርት ስከትፍ አልቅሻለሁ። ሞቷል ያላልኳችሁ እናንተ ልጆች ስለነበራችሁ ነው። ይመጣል እላችሁ ነበር። ይመጣል፣ ይመጣል ስል፣ እህትህ በር በሩን ማየት ለመደች፤ አንተ ደግሞ ልትፈልገው ወጣህ። ሚስትህ ሄደች፣ ዝም አልኩ። ጸጉርህ ሸበተ፣ ዝም አልኩ። ያንን የሚፈነዳ ነገር እንደ ዳቦ ታቅፈህ በግቢዬ ስታልፍ አየሁህ። አንዱን ልጄን ያ ሜዳ ወስዶብኛል፤ አንተን ደግሞ ብረት ስትለቅም ይውሰድህ? ያን ዕለት እየሮጥክ ስትመጣ ፊትህን አየሁት። ይሄ ልጅ ማረፍ አምሮታል አልኩ። ይረፍ፣ እርሜን ላውጣለት አልኩ።»

ማግኔቱ መሬቱ ላይ ዘፍ አለ። ተናደደ፤ በማን እንደተናደደ ግን አላወቀም።

«ታዲያ ውጭ ያለው ሰው የሚያለቅሰው ለማን ነው?»

«ለወንድምህ ነው። ብረቱ የሌላ ቢሆን ልቅሶው የሱ ነው።» ሁለቱን ብረቶች መልሳ በመሐረቡ ጠቀለለቻቸው። «እነዚህም የእናት ልጆች ናቸው። እናቶቻቸው ባይሰሙም እኔ ቤት ተለቅሶላቸዋል። ምን ክፋት አለው?»

«ግን እማዬ፣ አሁን እኮ ምን እንደምፈልግ አውቄያለሁ። በውስጥ በኩል ያለቀ፣ አምስት ቀዳዳ ያለው። ካገኘሁት ምንም ጥርጥር የለውም። እዚያው ነው ያለው፣ እርግጠኛ ነኝ፣ ጥቂት ቀን ብቻ —»

ንግግሩን ራሱ ሰማውና አቋረጠው። እናቱ እያየችው ነበር። ያረጁት ዓይኖቿ ውስጥ ያለው ፍርሃት ነበር፤ ሌላ ምንም አልነበረም።

«ስለጠየቅኸኝ ነው የነገርኩህ» አለች። «ትልቅ ሰው ነህ፤ እግርህን አላስረውም።»

የማግኔቱ ስልክ የጮኸው በዚህ መሀል ነው። ባለእርሻው ነበር። ሊያነሳው አልፈለገም፤ ጥሪው አላቆም ሲል አነሳው።

«እግዜር ያጥናችሁ» አለ ባለእርሻው። «ልቅሶ ላይ ሆነህ ስለደወልኩ አትቀየመኝ። ዛሬ ጠዋት ማሳው ውስጥ አይቼህ ልቤ አልቻለም። እንደው ነገሩ፣ ያቺን ውሃ የሚተኛባትን ጥግ በድንጋይ ላስሞላት ነው፤ መኪናዎቹ ነገ ይመጣሉ። አንተ ደግሞ ሥራህ ሁሉ እሷ ላይ ነው። ድንጋይ ከተጫነባት በኋላ የምታወጣው ነገር የለም። ካልጨረስክ ግድ የለም፣ መኪናዎቹን እመልሳቸዋለሁ። አንተን ሳልጠይቅ አላደርገውም ብዬ ነው። ምን ትለኛለህ?»

ማግኔቱ ስልኩን ጆሮው ላይ አጥብቆ ያዘው። ጥጓ ከነጭቃዋ ታየችው። ስንዝር ያህል ወረድ ብሎ፣ ምናልባት ከሚንበረከክበት ክንድ ርቀት ላይ፣ በውስጥ በኩል ያለቀ የተረከዝ ብረት። ልጅ ሆኖ ቀዳዳውን የበሳው እሱ ራሱ ሊሆን ይችላል።  እናቱ ባለእርሻው የሚለውን አልሰማችም፤ መሐረቡን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በአንድ እጇ ታሸዋለች።

«ሃሎ?» አለ ባለእርሻው። «ትሰማኛለህ? ላቆያት?»

«አታቆያት» አለ ማግኔቱ። ድምፁ ስላልወጣ ጉሮሮውን ጠረገና ደገመው። «ሙላት። ድንጋዩ ይምጣ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ስልኩን ዘግቶ ኪሱ ከተተው። እናቱ ማን እንደደወለ አልጠየቀችውም፤ እሱም አልነገራትም። ብድግ ብሎ በሩን ከፈተና ወደ ግቢው ወጣ። ጡረተኛው ሹፌር ሲያየው ወንበር ሳበለት። ማግኔቱ ከነጭቃው በሰው መሀል ተቀመጠ፤ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘና ድምፁን አውጥቶ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ አለቀሰ።